ጊጋው ሳይሆን ሰዓቱ

ጥቅሉን በገዛሁ በ19ኛው ቀን ማታ አጭር መልእክት ገባልኝ። የወሩን «ፍትሐዊ የአጠቃቀም መጠን» ስለጨረስኩ ቀሪዎቹን ቀናት በዝቅተኛ ፍጥነት እንደምቀጥል ይነግረኛል። የጥቅሉ ስም «ያልተገደበ» ነው። ልጆቹ ቴሌቪዥኑ ላይ የምትሽከረከረዋን ክብ እያዩ «ዋይፋዩ ሞተ» ይላሉ። እኔ ደግሞ እንደማይረዳ እያወቅኩ ራውተሩን አጥፍቼ አበራለሁ፤ ይህን ስም ያወጣው ሰው ማን ይሆን እያልኩ።

ብሶቱ የእኔ ብቻ አይደለም። ሰሞኑን ቢሮም ሆነ ለቅሶ ቤት፣ ሰው ከዶላርና ከቤት ኪራይ ቀጥሎ የሚያነሳው ይህንኑ ነው፤ ጥቅሉ ከወሩ ቀድሞ ያልቃል። ምክንያቱ ላይ ግን ሁለት ጎራ አለ። አንዱ «ሆን ብለው ይቆርጡብናል» ይላል። ሌላው፣ የሽያጭ ሠራተኞችም የሚደግሙት፣ «ጥቂት ሰዎች ፊልም በፊልም ላይ እያወረዱ ለሌላው ስለሚያጎድሉ ነው» ይላል። የመጀመሪያው ንዴት ነው፣ ይታለፋል። ሁለተኛው ግን ማብራሪያ መስሎ ስለሚቀርብና ብዙ የተማረ ሰው ስለሚያምነው ዛሬ እሱ ላይ ልቆይ።

ስሕተቱ የሚጀምረው ዳታን ጣሪያ ላይ እንዳለ የሮቶ ውኃ ከማሰብ ነው። ሮቶው 2,000 ሊትር ከያዘና ጎረቤት 1,500ውን ልብስ ካጠበበት ለእኔ 500 ይቀረኛል። ዛሬ ሳልቀዳው ያደርኩት ደግሞ ነገ ይጠብቀኛል። ዳታ እንዲህ አይደለም። የትም የተጠራቀመ ጊጋባይት የለም። ያለው መስመር ነው፤ በሰከንድ ይህን ያህል ያሳልፋል፣ ሳያሳልፍበት ያለፈው ሰከንድ ደግሞ አለፈ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ከመገናኛ ወደ አያት ግማሽ ወንበሩ ባዶ ሆኖ የሄደ ሚኒባስ፣ ባዶውን ወንበር ለ11 ሰዓት ተኩሉ ሰልፍ አያስቀምጥም።

ሒሳቡን በሦስት ቤት እንሥራው። ሦስቱም 10 ሜጋ የሚባለውን ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 10 ሜጋቢት፣ ገዝተዋል እንበል። አንደኛው ቤት መስመሩን 24 ሰዓት ሙሉ እስከ ጫፉ ይጠቀምበታል። እንዲህ ያለ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፣ የሽያጭ ሠራተኞቹ ግን ሁልጊዜ የሚያወሩት ስለ እሱ ነው። በቀን 108፣ በ30 ቀን 3,240 ጊጋባይት ይጨርሳል። ሁለተኛው ቤት ማታ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት በ5 ሜጋ ድራማ ያያል፤ በወር 135 ጊጋባይት ይሆናል። ሦስተኛው ከሌሊቱ 6 እስከ 12 ሰዓት ሁሉም ተኝቶ ሳለ በሙሉ ፍጥነት ይጭናል፣ ያወርዳል፤ በቀን 27፣ በወር 810 ጊጋባይት።

በጊጋ ከሆነ አንደኛው የሁለተኛውን 24 እጥፍ በላ። አገልግሎት ሰጪው መስመሩን የሚያሰፋው ግን ለሌሊቱ አይደለም፣ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ስክሪን ላይ ለሚቀመጥበት ለምሽቱ ሰዓት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ቆመን ብናይ አንደኛው 10 ሜጋ፣ ሁለተኛው 5 ሜጋ ይዘዋል። ልዩነቱ እጥፍ ብቻ ነው። ሦስተኛው ምንም አልያዘም። አሁን የ500 ጊጋ የወር ጣራ እናስቀምጥ። አንደኛው በ5ኛው ቀን ጣራውን ይመታል፣ ሦስተኛው በ19ኛው ቀን። መጨናነቁ ላይ በየምሽቱ እጁ ያለበት ሁለተኛው ቤት ጣራ መኖሩንም ሳያውቅ ወሩን ይጨርሳል። ማንንም ያላጨናነቀው ሦስተኛው ግን ተቀጣ። ቅጣቱም በሌሊት አይወሰንም፣ ከዚያ በኋላ ቀንም ማታም ቀርፋፋ ነው።

አገልግሎት ሰጪዎቹ ራሳቸው ሲገዙ እንዴት እንደሚከፍሉ ማየት ነገሩን ያጠራዋል። በዓለም አቀፉ የጅምላ ገበያ የተለመደው አሠራር ይህ ነው፦ በመስመሩ ላይ የሚያልፈው በየ5 ደቂቃው ይለካል። በ30 ቀን 8,640 ልኬቶች ይሰበሰባሉ። ከትልቁ ወደ ትንሹ ይደረደሩና የላይኞቹ 5 በመቶ፣ ማለትም 432ቱ፣ ይጣላሉ፤ ይህ የ36 ሰዓት ያህል ምሕረት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ልኬት የወሩን ሒሳብ ይወስናል። ጊጋባይት የሚባል ነገር ደረሰኙ ላይ የለም። በዚህ አከፋፈል ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚወርድ ፋይል የጅምላውን ሒሳብ በሳንቲም እንኳ አይለውጠውም። እነ ጉግልና ኔትፍሊክስ ደግሞ ብዙ የሚታየውን ይዘት ቅጂ የሚይዝ ሰርቨር በአገልግሎት ሰጪዎች ኔትወርክ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ የሚታየው ፊልም የጅምላውን መስመር ጭራሽ አይነካውም። በጊጋ የሚገዛው እኔና እናንተ ብቻ ነን።

እዚህ ላይ ለኩባንያዎቹም ልሟገት። በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ የቤት ራውተር ከፋይበር ይለያል። አንድ ማማ ሥር ያለ ሰው ሁሉ የሚሻማው አንድ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ እሱ ሲጠብ ሌላ ማማ መትከል ወይም ተጨማሪ ሞገድ ማስፈቀድ ይጠይቃል፣ ሁለቱም ውድ ናቸው። ስለዚህ ገመድ አልባው ላይ ጠበቅ ማለታቸው መሠረት አለው። ቢሆንም ማማውም የሚጨናነቀው በሰዓት ነው። ይህን ደግሞ ከእኛ በላይ ራሳቸው ያውቁታል፣ የሌሊት ጥቅል በርካሽ የሚሸጡት ለምን ይመስላችኋል? ለመጨናነቁ መድኃኒቱ ማማው በተጣበበበት ሰዓት ብቻ የሁሉንም ፍጥነት በመጠኑ ማውረድ ነው። የወር ጣራ ይህን አይሠራም። በ3ኛው ቀን የሚጨናነቀውን ምሽት ሳይነካ ያልፍና በ25ኛው ቀን ጠዋት ባዶ ማማ ሥር ያለውን ሰው ያስራል።

ታዲያ ኩባንያዎቹ ጣራውን ለምን ወደዱት? የዚህ ዓምድ አንባቢ የእኔን በሽታ ያውቃል፤ ሁሉን ነገር ወደ ፉክክር እወስዳለሁ። ዛሬም አልለቅም።

የአሜሪካው የኬብልና የኢንተርኔት ኩባንያ የኮምካስት ታሪክ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ዘመድ ያላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2008 በቤት ኢንተርኔት ላይ የ250 ጊጋባይት ጣራ አስቀመጠ፣ በ2012 አነሳው፣ ከዚያ በተወሰኑ ከተሞች በ300 ጊጋባይት መሞከር ጀመረ። በ2016 1 ቴራ፣ በ2020 1.2 ቴራ ደረሰ። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 50 ጊጋባይት 10 ዶላር ያስከፍል ነበር። 1.2 ቴራ ብዙ ይመስላል። በሰከንድ 1 ጊጋቢት የሚባለውን ፈጣን መስመር የገዛ ሰው ግን በሙሉ ፍጥነት ቢጠቀምበት በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ፍጥነቱን ይሸጡልሃል፣ እንዳትጠቀምበት ደግሞ ጣራ ያኖሩበታል።

ዋናው ነገር ካርታው ነው። በአትላንታ፣ በዴንቨርና በሲያትል የሚኖር ሐበሻ ጣራው ነበረበት። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖረው የዚሁ ኩባንያ ደንበኛ ግን አልነበረበትም። ኩባንያው አንድ፣ ኬብሉም አንድ ዓይነት። ኔትፍሊክስ የሚያዩት ሰዎች እንኳ ወንድማማቾች ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ፣ እነዚህ ከተሞች ባሉበት በሰሜን ምሥራቁ ክፍል ተፎካካሪው ቬራይዘን ፋይበር ይዞ ብዙ ሰፈር ገብቷል። ኩባንያው ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ አልነገረንም፤ ድምዳሜው የእኔ ነው። በአትላንታም ቢሆን ጭራሽ ተፎካካሪ አልነበረም አልልም። ነገር ግን ጣራው ስለ መጨናነቅ ቢሆን ኖሮ ሕዝብ የታጨቀበት ሰሜን ምሥራቅ ቀዳሚ በሆነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ወደዚያ ሊያስገቡት ሞክረው ሕዝብ ሲጮኽ አዘገዩት፣ በኋላም ተዉት።

በኮሮና ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት 2012 ግድም፣ አሜሪካዊ ሁሉ ቤቱ ተዘግቶ ቪዲዮ ላይ ሲጣድ ይኸው ኩባንያ ጣራውን ለጊዜው አነሳ። ጣራ የሚያስፈልግበት ሰዓት ቢኖር ያ ነበር። ኔትወርኩ አልወደቀም፤ በሰኔ መገባደጃ ጣራው ተመለሰ። ቀደም ብሎም፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ የኬብል ኩባንያዎቹ ማኅበር መሪ የነበሩት ማይክል ፓወል የጣራው ዋና ዓላማ መጨናነቅን መቆጣጠር ሳይሆን ከባዱን የግንባታ ወጪ ከደንበኛው በፍትሐዊ መንገድ መመለስ እንደሆነ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ሰውየው ከዚያ በፊት የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ሊቀመንበር ስለነበሩ የሚሉትን ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ደንበኞች ወደ ፋይበርና ወደ 5ጂ የቤት ኢንተርኔት ሲኮበልሉ፣ ኮምካስት አዲሶቹን ጥቅሎች ያለ ጣራ ይሸጥ ጀመር።

ወጪን መመለስ ነውር አይደለም። ማማና ፋይበር በዶላር ነው የሚገባው። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ያንን ዶላር መሸከም ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ባሕር ስለሌለን ዓለም አቀፉ መስመር በጂቡቲና በኬንያ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። እንግዲያው «ወጪያችንን እየመለስን ነው» ይበሉን። ዋጋ ነው፣ በዋጋ እንከራከር። «ጎረቤትህ በላብህ» ሲሉን ግን ክርክሩ ከሻጭና ገዢ ወደ ጎረቤትና ጎረቤት ይዞራል።

እኛ ጋ ካርታው ሌላ መልክ አለው። የቤት ፋይበር የሚሸጠው በፍጥነት ነው፣ በጊጋ አይደለም። በጊጋ የሚሸጠው ሞባይሉ ነው። ፋይበር የገባበት ሰፈር ያለ ሰው ስለ ጣራ አያስብም። አዲሱ ሰፈር፣ ገመዱ ገና ያልደረሰበት ኮንዶሚኒየም ያለው ግን የሲም ራውተር ገዝቶ ጣራ ሥር ይኖራል። በመስከረም 2015 ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር የሞባይል ዳታው ላይ ፉክክር አይተናል። የቤት መስመሩ ላይ ግን እስካሁን ኢትዮ ቴሌኮምን ያን ያህል የሚያሰጋ ተፎካካሪ የለም።

የኩባንያዎቹን መግለጫዎችም አንብቤአለሁ። የደንበኛ ብዛት በሚሊዮን፣ ሽፋን በመቶኛ፣ ገቢ በቢሊዮን፤ ሁሉም ወደ ላይ። የሽፋን መቶኛ ስልኬ ላይ ምልክቷ መታየቷን ይነግረኛል፣ ምሽት 3 ሰዓት ላይ ቪዲዮ መክፈቱን ግን አይነግረኝም። እኔ የምፈልገው ቁጥር አንድ ነው፤ ከምሽቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ማማዎቹ ስንት በመቶ ተይዘዋል? ይህን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በየሩብ ዓመቱ በክፍለ ከተማ ዘርዝሮ ቢያወጣ ጣራው የመጨናነቅ ይሁን የገቢ ክርክሩ በአንድ ቀን ያልቃል። አማካይ የፍጆታ ቁጥር አትስጡኝ። ሦስቱን ቤቶች ደምራችሁ ለሦስት ብታካፍሏቸው እያንዳንዱ በወር 1,395 ጊጋባይት ይደርሰዋል፤ እንደዚያ የሚጠቀም ቤት ከሦስቱ አንድም የለም።

«ከፍተኛ ተጠቃሚ» የሚባለውን ሰውም አገኘሁት። እኔ ነኝ። ማለቴ፣ በአንድ ደረጃ የምንወጣ ጎረቤቶች ነን። ራውተሩ ያለው እኔ ቤት በር ላይ ነው፣ ከፋዮቹ ግን አራት ቤት ነን፤ ዋጋው ለአንድ ቤት ስለከበደ አዋጥተን ነው የምንገዛው። ኩባንያው የሚያየው አንድ ሆዳም ደንበኛ ነው። ውስጡ ግን የእኔ ልጆች አሉ፣ የርቀት ትምህርት የምትማር ነርስ አለች፣ ዱባይ ካለች ልጃቸው ጋር በቪዲዮ የሚያወሩ እማማ አሉ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወጣት። ፋይሎቹን ለሙሽሮች ዘመዶች ወደ ውጭ የሚልከው ሰው ሲተኛ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ነው። ከላይ ያሰላነው ሦስተኛው ቤት እሱ ነው።

ጣራው የሚያስከትለውን መዘርዘር ብዙም አይከብድም። በወር መጨረሻ ሥራ ይንጠባጠባል፣ ነርሷ ፈተናዋን በስልኳ ዳታ ትወስዳለች፣ ከውጭ ሥራ ተቀብሎ የሚሠራ ልጅ ቀጠሮ ያሳልፋል፣ መዋጮው ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል። ባለፈው እሑድ ደረጃው ላይ ተሰብስበን «ማን ነው የጨረሰው» ስንባባል ሁሉም ወደ ሦስተኛ ፎቅ አየ። የሦስቱን ቤት ሒሳብ ወረቀት ላይ ሠርቼ አሳየኋቸው። እማማ ወረቀቱን አገላብጠው «ታዲያ አሁን ይሠራል?» አሉኝ።

አልሠራም። ሰኞ ጠዋት የሦስተኛ ፎቁ ልጅ ሃርድ ዲስኩን ቦርሳው ውስጥ ከቶ፣ ካዛንቺስ ፋይበር ያለው ጓደኛው ቢሮ ሊጭነው ሚኒባስ ተሳፈረ። ሁለት ሠርግ፣ 180 ጊጋባይት። የደርሶ መልስ ታክሲውን በጊጋ ስናሰላው ከጥቅሉ ይረክሳል።