ፊውቸር ነው ወይስ ኦፕሽን? የንግድ መልእክትን ለይቶ ስለ ማንበብ

በደቡብ ወሎ ምዕራብ፣ በወግዲና በመካነ ሰላም ገበያ እህል የሚነግድ ሰው የውልን ዓይነት ለመለየት አስተማሪ አያሻውም። እህሉን አስመዝኖ ዋጋውን ወዲያው የተቀበለ እንደሆነ፣ ሽያጩ የእጅ በእጅ ነው። ሰብሉ ገና በማሳ ሳለ ዋጋው ተቆርጦ ርክክቡ ለሌላ ወር ከተቀጠረ፣ የቀጠሮ ውል ነው። ቀብድ ያለበት ደግሞ ሌላ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን ሊያፈርስ፣ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ ሊያፈርስ ይችላል።

የዓለም ገበያም የእጅ በእጁን ስፖት፣ የቀጠሮውን ፊውቸር ይለዋል። ኦፕሽን የሚባለው ቀብድን ይመስላል፤ ነገር ግን የሚከፈለው ገንዘብ ከዋጋው ላይ አይታሰብም፣ ውሉን የመተው መብትም የገዥው ብቻ ነው።

በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የግብይቱ መሠረት በመጋዘን የገባ ምርት የእጅ በእጅ ሽያጭ ነው። ቡና ላኪው ከውጭ ገዥ ጋር ሲዋዋል ግን ዋጋው ብዙ ጊዜ በኒው ዮርክ የፊውቸር ዋጋ ላይ ይሰላል። በዚያ ገበያ አንዱ የቡና ውል 37,500 ፓውንድ፣ ማለት 170 ኩንታል ያህል ነው። በፓውንድ የአንድ ሳንቲም ለውጥ 375 ዶላር ያመጣል። ምልክቱ «ኬ ሲ» ሲሆን፣ የወሩ ፊደል ይከተለዋል፤ ኤች ለማርች፣ ኬ ለሜይ፣ ኤን ለጁላይ፣ ዩ ለሴፕቴምበር፣ ዜድ ለዲሴምበር ነው።

ትእዛዙ በኤሌክትሮኒክ ሲተላለፍ፣ በ1992 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ፊክስ በተባለው ሥርዐት እያንዳንዱ ነገር በቁጥር ይጠራል። በቁጥር 167 የውሉ ዓይነት ይገለጻል፤ «ኤፍ ዩ ቲ» ፊውቸር፣ «ኦ ፒ ቲ» ኦፕሽን፣ «ኦ ኦ ኤፍ» በፊውቸር ላይ የተመሠረተ ኦፕሽን ነው። ቁጥር 200 ውሉ የሚያበቃበትን ወርና ዓመት፣ ቁጥር 202 ኦፕሽኑ የሚፈጸምበትን ዋጋ ይነግራል። በቁጥር 461 ያሉት ስድስት ፊደላትም ዓይነቱን ስለሚያረጋግጡ፣ ከ167 ጋር ማመሳከር ይገባል።

ብዙ ጥንቃቄ የሚሻው በ54 እና በ201 መካከል ነው። በ54 ላይ 1 መግዛት፣ 2 መሸጥ ነው። በ201 ላይ ግን 1 የመግዛት መብት፣ 0 የመሸጥ መብት ነው። ስለዚህ 54 ላይ 2፣ 201 ላይ 1 ያለበት መልእክት የደረሰው ሰው፣ የመግዛትን መብት ለሌላ ሸጧል ማለት ነው። ገዥው መብቱን ቢተው ጉዳቱ የከፈለው ገንዘብ ብቻ ነው፤ ሻጩ ግን ዋጋው የቱንም ያህል ቢወጣ ግዴታውን ይፈጽማል።

እንግዲህ ላኪው ማረጋገጫ በደረሰው ጊዜ ከዋጋው አስቀድሞ ዓይነቱን፣ ወሩንና ወገኑን ይመርምር፤ የተጠራጠረውንም ከመፈረሙ በፊት ደላላውን ይጠይቅ።