የፅንስ ዕድገትና ልኬቱ

ነፍሰ ጡር እናት፣ በመካኒሳም ይሁን በሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር፣ ለክትትል ወደ ጤና ጣቢያ በሄደች ጊዜ አዋላጅ ነርሷ አስቀድማ የምትጠይቃት የመጨረሻው የወር አበባዋ የጀመረበትን ቀን ነው፤ ይህም ጥያቄ ለወግ ያህል የሚቀርብ ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ልኬት ሁሉ የሚቆምበት መሠረት ነው፤ የፅንሱ ዕድሜ ሳይታወቅ መጠኑ አነሰ ወይም በቃ ብሎ መፍረድ አይቻልምና።

እንዲህ ያለው ቆጠራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የጌታን ፅንሰት መጋቢት 29 ቀን፣ ልደቱን ታኅሣሥ 29 ቀን ስታከብር፣ በመካከሉ ያለውን ዘመን ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ማለት 275 ቀን፣ አድርጋ ትቆጥራለች። ሕክምና ግን ከፅንሰቱ ሳይሆን ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ስለሚነሣ 280 ቀን ይላል። ስለዚህ አዋላጇ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን ትጨምራለች፤ በመካከሉ ጳጉሜን የምታልፍ ከሆነ ግን የሚጨመረው ዘጠኝ ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት ስትሆንም ዘጠኝ ወር ከ4 ቀን ነው። ጥቅምት 1 ቀን የተነሣው ቆጠራ ሐምሌ 11 ቀን፣ ጥር 1 ቀን የተነሣውም ጥቅምት 6 ቀን ይፈጸማል።

ዕድሜው ከታወቀ በኋላ መለኪያው የልብስ ሰፊው ሜትር ነው። አዋላጇ እናቲቱን ሽንቷን ከሸናች በኋላ በጀርባዋ አስተኝታ፣ ከሆድ ግርጌ ከሚዳሰሰው የፊት ዳሌ አጥንት አንሥታ እስከ ማኅፀኑ አናት ትለካለች፤ ቁጥሩ አስቀድሞ ታይቷት እጇ ወደሚጠበቀው እንዳያደላም፣ የተጻፈበትን ገጽ ወደ ታች ገልብጣ ብትይዝ ይመረጣል። ከ24ኛው ሳምንት ወዲህ የሴንቲ ሜትሩ ቁጥር ከሳምንቱ ቁጥር ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ ከ3 ሲበልጥ፣ ቀኑ ተሳስቶ፣ ወይም መንታ ኖሮ፣ ወይም የሽርት ውሃው በዝቶ ወይም አንሶ፣ ወይም ፅንሱ ከዕድገቱ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ጉዳዩ ወደ አልትራሳውንድ ይመራል።

ይህ መሣሪያ በሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ ወደ ማኅፀን ሰድዶ፣ የሚመለሰውን እንደ ገደል ማሚቶ ተቀብሎ ሥዕል ያደርገዋል። የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቹ፣ በብረት ውስጥ የተሠወረ ስንጥቅ ይፈለግበት የነበረውን ጥበብ ወደ ማኅፀን ሕክምና አምጥተው፣ የድካማቸውን ፍሬ እ.ኤ.አ. በ1958 አሳተሙ። እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ከራስ አናት እስከ መቀመጫ ያለው ርዝመት ዕድሜውን ከአንድ ሳምንት በማይበልጥ ስሕተት ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ የራሱና የሆዱ ዙሪያ፣ የጭኑም አጥንት ተለክተው ክብደቱ ይገመታል፤ ግምቱ ግን ከእውነተኛው በመቶ 10 ወይም 15 ሊርቅ ይችላል።

ከሌሎቹ ልኬቶች ይልቅ የሆድ ዙሪያ ብዙ ምሥጢር ይገልጣል። በእናቲቱ የደም ግፊት ወይም በእንግዴ ልጁ ድካም የተነሣ የሚደርሰው ምግብና ኦክስጅን ሲያንስ፣ ፅንሱ ደሙን ለአንጎሉ አድልቶ ይሰጣል፤ የስንቅ ማከማቻ የሆነው ጉበቱም ስለሚቀጥን፣ ራሱ ሲያድግ ሆዱ ወደ ኋላ ይቀራል። በእኩል ዕድሜ ካሉ 100 ፅንሶች ከታችኞቹ 10 መካከል የዋለው ትንሽ ይባላል፤ ነገር ግን ትንሽ ሁሉ ሕመምተኛ አይደለም፤ የወላጆቹን ቁመት የወረሰ ጤናማም አለና። ሁለቱን የሚለየው ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚደገመው ልኬት ነው፤ ዕድገቱ ከቆመ ሐኪሙ የእትብቱን የደም ፍሰት መርምሮ የመውለጃውን ጊዜና ስፍራ ይወስናል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ስምንት የክትትል ጊዜያት እንዲኖሩ፣ የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት እንዲሆን፣ ከ24ኛው ሳምንት በፊትም አንድ አልትራሳውንድ እንዲደረግ መክሯል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ያለ ክፍያ ይሰጣል። የመካኒሳ እናት በአንዱ ወር ጤና ጣቢያ፣ በሌላው ወር የግል ክሊኒክ ብትሄድም፣ የቀደመውን የምርመራ ወረቀት ይዛ ትሂድ፤ ባልና ዘመድም ቀጠሮዋን የቤቱ ሁሉ ቀጠሮ ያድርጉት። አንድ ልኬት መጠንን ብቻ ያሳያል፤ ዕድገትን የሚያሳየው የቀደመው ከኋለኛው ጋር ሲተያይ ነውና።