የራስን ቡድን ከሩቅ ማየት፦ ፋሲል ከነማና የጎንደር ተመልካች



የዛሬው ንግግሬ ቀላል ከሚመስል ጥያቄ ይነሣል። አንድ የጎንደር ሰው የገዛ ከተማውን ቡድን ጨዋታ በምን መንገድ ያያል? ጥያቄውን ያጫረብኝ የ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ነው። በዚያ ዓመት ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። ይሁን እንጂ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ውድድሩ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ብቻ ስለተካሄደ ጎንደር የሊጉን አንድ ጨዋታ እንኳ አላስተናገደችም። ዘመኑን ሁሉ በሜዳው ዳር ቆሞ ቡድኑን ሲደግፍ የኖረ አንድ አረጋዊ፣ «ልጄ፣ ዋንጫውን በላን አሉ፤ እኔ ግን አንዷንም ጎል አላየሁ» ብለውኛል። ደስታቸው እውነተኛ ነበር፤ ቅሬታቸውም እንዲሁ።

ጨዋታው ግን ሳይቀረጽ አልቀረም። በዚያው ዓመት የሊጉ የስርጭት መብት ለ5 ዓመታት፣ ከ22 ሚሊዮን ዶላር በሚበልጥ ዋጋ ለሱፐርስፖርት ተሽጦ ነበር። በዚህም ሊጉ ቋሚ ገቢና ጥራት ያለው ምስል አገኘ። በአንጻሩ ጨዋታውን በቀጥታ ለማየት የዲኤስቲቪ ደንበኛ መሆን፣ አለዚያም ደንበኛ ወደሆነ ሰው መሄድ ግድ ሆነ። እንግዲህ የመብት ነገር ከመሣሪያ ነገር ይቀድማል። ሰማዩ ላይ ምልክቱ ቢኖርም፣ ቁልፉ በውል የተያዘ ነው።

ወደ መሣሪያው ልለፍ። ከጎንደር ሆነን ስንመለከት፣ የዲኤስቲቪ ሳተላይት የሚገኝበት 36 ዲግሪ ምሥራቅ ከራሳችን በላይ ለማለት በሚያስደፍር ከፍታ፣ ከአድማስ 75 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን በነፃ የሚያስተላልፈው ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል 63 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ብዙዎች የለመዱት ናይልሳት ግን በ7 ዲግሪ ምዕራብ ስለሆነ፣ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎ 37 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል።

ይህ ልዩነት ለደባርቅና ለዳባት ሰው ትርጉም አለው። ከዲሹ 10 ሜትር ርቀት ላይ፣ በምዕራብ በኩል ባሕር ዛፍ ቢኖር፣ ዛፉ ከዲሹ በላይ 7 ሜትር ተኩል ያህል ሲደርስ ናይልሳትን መጋረድ ይጀምራል። ኢትዮሳትን ለመጋረድ ግን በዚያው ርቀት በደቡብ ምሥራቅ የቆመ ዛፍ 20 ሜትር ያህል መድረስ አለበት። ስለዚህ በገደል ጥግ የተሠራ ቤት አንዱን አጥቶ ሌላውን ሊያገኝ ይችላል። በክረምት ደግሞ ከባድ ዝናብ ምልክቱን ስለሚያዳክመው ምስሉ በጨዋታው መካከል ተቆራርጦ ይጠፋል፤ ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳል። ይህን ጊዜ ሪሲቨሩ ተበላሸ ብሎ ወደ ጥገና መሮጥ አያስፈልግም።

ሌላው መንገድ ኢንተርኔት ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ መጠነኛ ምስል ለ2 ሰዓት ቢታይ 900 ሜጋባይት ይፈጃል፤ ለተማሪ ኪስ ይህ ቀላል አይደለም። በተጨማሪም ምስሉ በስልክ ላይ ከሳተላይቱ ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ጎሉን ከማየታችን በፊት የጎረቤት ጩኸት ይነግረናል። ከሁሉ የከፋው መቋረጡ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ በስልኩ ብቻ ይተማመን የነበረ ተመልካች ባዶ እጁን ቀረ። አንድ መንገድ ብቻ መያዝ አያዋጣም የምለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ብዙኃኑ የመረጠው መፍትሔ ግን ኳስ ማሳያ ቤቱ ነው። አንድ ደንበኛ ይከፍላል፤ ሌላው የመግቢያ ሳንቲም አዋጥቶ በአግዳሚ ወንበር ይታደማል። ይህ ቤት ስታዲየሙን በከፊል ተክቷል፤ ጭብጨባውና ክርክሩ በዚያ አለ። የጎደለውንም ልብ እንበል። አረጋውያን፣ ሴቶችና ሕፃናት በስታዲየም የነበራቸውን ያህል ቦታ እዚያ አያገኙም።

የሌላው ዓለም ልምድ ምን ያስተምረናል? በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች ቤዝቦል የፍጻሜ ውድድር ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦማሃ ከተማ ይካሄዳል፤ ትልልቆቹን ጨዋታዎች የክፍያ ጣቢያዎች ይይዟቸዋል። የብዙ ትናንሽ ኮሌጆችን ጨዋታ ግን ተማሪዎች ራሳቸው ቀርጸው በኢንተርኔት ያስተላልፋሉ። በብሪታኒያ ደግሞ የ1996ቱ የስርጭት ሕግ እንደ ኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ያሉ ጥቂት ውድድሮች በነፃ ጣቢያ ለመታየት ዕድል እንዲኖራቸው ይጠብቃል።

ከዚህ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ ወደፊት የሚፈረም የሊግ ውል ለነፃ ጣቢያዎች የዘገየ ስርጭትን፣ ለአካባቢ ሬዲዮም የቀጥታ ትረካን ቢፈቅድ፣ ገዢው ብዙ ሳይጎዳ ዲሽ የሌለው የሰሜን ተራሮች ገበሬም ቡድኑን ይከተላል። ሁለተኛው የእኛው የቤት ሥራ ነው። የዩኒቨርሲቲ ውድድሮቻችንን የሚከለክለን የተሸጠ መብት ከሌለ፣ ተማሪዎቻችን በአንድ ካሜራና በጥሩ ተራኪ ሊጀምሩ ይችላሉ።

ሊግ ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የቡድን ዋጋ የሚመነጨው ከደጋፊው ፍቅር ነው። ያን ፍቅር ያሳደጉት አረጋዊ የቡድናቸውን ጎል በወሬ ብቻ የሚሰሙ ከሆነ፣ የምንሸጠው ነገር ከሥሩ እየደረቀ መሆኑን ማስተዋል ይገባናል።