ስለ አንጀት ረቂቅ ተሐዋስያንና ስለ ሕፃናት ምግብ

«ጀርም» የሚለው ቃል በተነሣ ቍጥር አብዛኛው ሰው የሚያስበው በሽታን ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ኮሌራንና የአንጀት ተስቦን የሚያመጡት ጀርሞች በመሆናቸው፥ ስለ እጅ መታጠብና ስለ ንጹሕ ውሃ የሚሰጠው ምክር ዛሬም የጸና ነው። ነገር ግን በዓይን ከማይታዩት ከእነዚህ ፍጥረታት መካከል ጠላቶቻችን ጥቂቶች ናቸው። የሚበዙት ከእኛ ጋር በሰላም ይኖራሉ፤ ብዙዎቹም ሳናውቃቸው ያገለግሉናል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣ አንድ ስሌት እንደሚያመለክተው፥ በአንድ ጐልማሳ ሰው ሰውነት ውስጥ 38 ሚሊዮን ሚሊዮን ያህል ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክብደታቸው ግን በጠቅላላው 200 ግራም ገደማ ብቻ ነው። አብዛኞቹ የሚገኙት በትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። ሥራቸውም ሰውነታችን በራሱ ኀይል ሊፈጨው ያልቻለውን የእህልና የአትክልት ክፍል ማብላላት፥ ከዚያም የአንጀትን ግድግዳ የሚመግቡ አሲዶችን ማዘጋጀት፥ እንዲሁም በሽታ አምጪ ጀርሞች ስፍራ እንዳያገኙ መከላከል ነው። ሕፃን ከተወለደ ጀምሮ እነዚህን ተሐዋስያን ይቀበላል፤ ማኅበራቸውም የጐልማሳን ሰው ወደ መምሰል የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ውስጥ ነው።

ሐኪሞችን ለብዙ ዘመን ያስጨነቀ አንድ ጥያቄ አለ። ከአንድ እናት የተወለዱ፥ በአንድ ቤት ውስጥ ከአንድ ማእድ የሚመገቡ ሁለት ሕፃናት፥ አንዱ ሲፋፋ ሌላው የሚጐዳው ለምንድን ነው? ደግሞስ በምግብ እጦት የተጐዳው ሕፃን በሕክምና ከሞት ከተረፈ በኋላ፥ ቁመቱና ጤንነቱ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ የሚቀረው ስለ ምን ነው?

ይህን ጥያቄ ከመረመሩት አንዱ፥ በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው በዋሽንግተን ዩኒቨርስቲ የሚሠሩት ዶክተር ጄፍሪ ጎርደን ናቸው። በላቦራቶሪያቸው ዋናው የምርመራ መሣሪያ ከጀርም ሁሉ ነጻ ሆኖ ያደገ አይጥ ነው። እንዲህ ያለው አይጥ የሚኖረው በአየር በተነፋ የፕላስቲክ ድንኳን ውስጥ ነው። የሚተነፍሰው አየር በማጣሪያ ያልፋል፤ የሚበላው፥ የሚጠጣውና የሚተኛበት ሁሉ አስቀድሞ ከጀርም ይነጻል። ሠራተኛውም አይጡን የሚይዘው ከድንኳኑ ግድግዳ ጋር በተያያዘ ረጅም ጓንቲ ነው።

በእንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ የዕለቱ ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። አይጦች ይመዘናሉ፤ ዐይነ ምድራቸው በየጊዜው ይመረመራል፤ ክብደታቸውም ሆነ የበሉት ምግብ በመዝገብ ይጻፋል። አንድ እንግዳ ጀርም ሾልኮ ቢገባ የብዙ ሳምንት ድካም ከንቱ ይሆናል። ከአንጀት ተሐዋስያን ብዙዎቹ ደግሞ በአየር ውስጥ ባለው ኦክሲጅን የሚሞቱ ስለሆኑ፥ የሚዳብሩት ኦክሲጅን በሌለበት ሣጥን ውስጥ ነው።

የዚህ ሁሉ ድካም ጥቅም ምንድን ነው? ሁለት ነገሮች አብረው ስለታዩ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ለማለት አይቻልም። የታመመ ሕፃን አንጀት የተለየ ተሐዋስያን ቢገኝበት፥ በሽታው ተሐዋስያኑን ለውጦ እንደ ሆነ ወይም ተሐዋስያኑ በሽታውን አምጥተው እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ምንም ጀርም የሌለው አይጥ ግን እንዳልተጻፈበት ሰሌዳ ነው፤ በላዩ የተጻፈው ለይቶ ይነበባል። በ2004 ዓ.ም. የላቦራቶሪው ሊቃውንት ከጀርም ነጻ ለሆኑ አይጦች ከሌሎች አይጦች አንጀት የተወሰዱ ተሐዋስያንን ሰጧቸው። አይጦቹ የሚበሉት ምግብ ቀንሶ ሳለ፥ በ14 ቀን ውስጥ የሰውነታቸው ስብ 60 በመቶ ያህል ጨመረ።

ከዚያም ሊቃውንቱ ፊታቸውን ወደ ሕፃናት መለሱ። በ2013 ዓ.ም. በወጣው ጥናት በማላዊ 317 ጥንድ መንታ ሕፃናት እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜያቸው ተከታተሉ። ከእነዚህም መካከል አንደኛው ደኅና ሆኖ ሳለ ሌላው ክዋሽዮርኮር በተባለው ሰውነትን በሚያሳብጥ የምግብ እጦት በሽታ የተያዘባቸው ጥንዶች ነበሩ። የሁለቱ ወንድማማቾች ተሐዋስያን ለየብቻ ወደ አይጦች ተላለፉ፤ አይጦቹም የማላዊን የገበሬ ምግብ የመሰለ ቀለብ ተሰጣቸው። ከአንዳንዶቹ ጥንዶች፥ የታመመውን መንታ ተሐዋስያን የተቀበሉት አይጦች ከሌሎቹ ይልቅ እጅግ ከሱ። በኦቾሎኒ የተሠራ ገንቢ ምግብ ሲሰጣቸው አገገሙ፤ ነገር ግን ወደ ቀድሞው ቀለብ ሲመለሱ መሻሻሉ አልጸናም። እንግዲህ ጉዳቱ የመጣው ከምግቡ ብቻ ወይም ከተሐዋስያኑ ብቻ ሳይሆን ከሁለቱ መገናኘት ነበር።

ይህ ዕውቀት ወደ ሕፃናት ማእድ የደረሰው በባንግላዴሽ ነው። በዳካ ከተማ ከ12 እስከ 18 ወር ዕድሜ ላላቸው በመጠኑ ለተጐዱ ሕፃናት፥ ከሽምብራ፥ ከአኩሪ አተር፥ ከኦቾሎኒና ካልበሰለ ሙዝ የተዘጋጀ ምግብ ለሦስት ወር ተሰጠ። በ2021 ዓ.ም. እንደ ተገለጸው፥ ይህ ምግብ ከተለመደው የማገገሚያ ምግብ ያነሰ ኀይል ሰጪነት ሳለው የሕፃናቱን ክብደት በተሻለ ፍጥነት ጨመረ። ምክንያቱም የተመረጠው ሕፃኑን ብቻ ሳይሆን ጠቃሚ ተሐዋስያኑንም እንዲመግብ ታስቦ ነው።

አንባቢ ከዚህ ምን ይማራል? አንደኛ፥ እናት ሕፃንዋን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ጡት ብቻ ታጥባ፤ በእናት ጡት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ የማይፈጨው፥ ለጠቃሚ ተሐዋስያኑ ግን ቀለብ የሚሆን ስኳር አለና። ሁለተኛ፥ ከስድስት ወር በኋላ ከጡት ጋር ልዩ ልዩ ምግብ፥ በተለይም ጥራጥሬ ይጨመርለት። ሦስተኛ፥ ጀርም ገዳይ መድኃኒት ጠላትንና ወዳጅን በአንድነት ስለሚያጠፋ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድ። አራተኛ፥ ሽምብራውና ኦቾሎኒው በጓዳችን አለ ብሎ፥ በጽኑ ለተጐዳ ሕፃን በቤት የተቀመመ ምግብ ሰጥቶ መዘግየት አደገኛ ነው፤ እንዲህ ያለው ሕፃን ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ንጽሕና ማለት እንግዲህ ጀርምን ሁሉ ማጥፋት ማለት አይደለም። ጠላትን ከደጅ መመለስና ወዳጅን በቤት መቀለብ ነው።