የተተከለ ሌንስ ሲቀየር እይታ ይመለሳል?



የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ወላጆቻችን እይታቸው ዳግም ሲደበዝዝ «ሌንሱ ይቀየርልኝ» ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ግን የሚደፈርሰው ሌንሱን ከጀርባ የያዘው ስስ ሽፋን ነው፤ እሱም በጨረር ይከፈታል።

ሌንሱ የሚቀየረው ከቦታው ሲንሸራተት፣ ቁጥሩ ሳይስማማ ሲቀር ወይም ራሱ ሲደፈርስ ነው። ከተቀየረ በኋላ የብዙዎች እይታ ይሻሻላል፤ ሬቲናው ወይም የእይታ ነርቩ የተጎዳ ከሆነ ግን አዲስ ሌንስ ያንን አይመልስም። ሽፋኑ አስቀድሞ በጨረር ከተከፈተ ደግሞ ሌንሱን መቀየር ይከብዳል። ስለዚህ ከጨረሩ በፊት «ችግሩ ከሽፋኑ ነው ወይስ ከሌንሱ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሙ ማጎንበስ ከከለከለ ሩኩዕና ሱጁድ በኢሻራ ይደረጋል። አላህ ለወላጆቻችን ዓፊያ ይስጥልን፤ አሚን።