ልጅዎ ስለ አካባቢ ልማር ቢልዎ



ልጅዎ ባግሩቱን ጨርሶ ወይም ከሠራዊት ተመልሶ «ሊሙዴ ስቪቫ መማር እፈልጋለሁ» ቢልዎ ምን ይመልሱለታል? «እኛ ከሞፈርና ከቀንበር የተላቀቅነው አንተ ተመልሰህ ስለ አፈር እንድትማር ነው ወይ?» የሚሉ ወላጆች አይጠፉም። ጥያቄው የሚያስነውር አይደለም። ነርስም ሆነ መሐንዲስ ምን እንደሚሠራ ይታወቃል፤ ይህኛው ትምህርት ግን ስሙን ሲሰሙት ሙያ አይመስልም።

ስቪቫ ማለት አካባቢ ነው፤ አየሩ፣ ውሃው፣ አፈሩ፣ ዛፉ፣ አውሬውና በመካከላቸው የሚኖረው ሰው በሙሉ። ከእርሱ ጋር የሚነሳው ሌላው ቃል ቃያሙት ነው። ይህም ዛሬ ስንጠቀም ለነገም እንዲተርፍ ማድረግ ማለት ነው። ላም ሲያልቡ ለጥጃዋ እንደሚተዉላት ያለ ነው።

ለምን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ይጠናል ቢሉ፣ የሁላን ሸለቆ ታሪክ እንንገርዎ። በሰሜን፣ ከቂርያት ሽሞና በስተደቡብ፣ ሐይቅና ሰፊ ረግረግ ነበር። ወባን ለማጥፋትና የእርሻ መሬት ለማግኘት ሲባል ከ1951 እስከ 1958 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ቦይ ተቆፍሮ ውሃው እንዲፈስ ተደረገ። መሐንዲሶቹ ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል። ነገር ግን ከበሰበሰ ዕፅዋት የተሠራው ጥቁር አፈር ሲደርቅ ወደ ታች መስመጥ፣ በነፋስ መቦነን፣ አልፎ አልፎም ከሥር ውስጥ ውስጡን መቃጠል ጀመረ። በአፈሩ ውስጥ የነበረው ናይትሬት የተባለ ንጥረ ነገርም ከውሃ ጋር እየታጠበ ወደ ኪኔሬት ሐይቅ የሚገባ ሆነ። በመጨረሻ በ1994 ከመሬቱ ጥቂቱ እንደገና በውሃ እንዲሸፈን ተደረገ። ዛሬ በብርዱ ወራት በዕብራይስጥ አጉር የሚባሉት እግረ ረጃጅም ወፎች በብዙ ሺህ ሆነው እዚያ ያርፋሉ፤ ይኸው የወፍ ዘር በጣና ዙሪያም ይታያል።

እንግዲህ ይህን ጉዳይ ማን ብቻውን ሊያውቀው ይችል ነበር? መሐንዲሱ ቦዩን ያውቃል፤ ኬሚስቱ አፈሩን፤ ሐኪሙ ወባውን፤ ገበሬው የእርሻውን ገቢ፤ የሕግ ሰው የመሬቱን ባለቤትነት። የአካባቢ ትምህርት እነዚህን ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ የሚችል ሰው ለማውጣት የታሰበ ነው።

በዚህ አካሄድ ቀደም ያሉት በአሜሪካ «ሊበራል አርትስ» የሚባሉት ትንንሽ ኮሌጆች ናቸው። በእነዚህ ኮሌጆች ተማሪው ገና ሲገባ አንድ ሙያ ብቻ ይዞ አይዘጋም፤ ሳይንሱንም ታሪኩንም ጽሕፈቱንም ቀምሶ ኋላ ዋናውን ይመርጣል። በቬርሞንት የሚገኘው ሚድልበሪ ኮሌጅ የአካባቢ ጥናትን ለመጀመሪያ ዲግሪ ያቋቋመው በ1965 ነው። በሜይን የሚገኘው፣ በ1969 የተመሠረተው ኮሌጅ ኦፍ ዘ አትላንቲክ ደግሞ ከዚህ ርቆ ሄዷል፤ የመጀመሪያ ዲግሪው አንድ ዓይነት ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ሰው ከአካባቢው ጋር ስላለው ግንኙነት ነው። ተማሪው የሚወስዳቸውን ኮርሶች ራሱ ከአስተማሪዎቹ ጋር እየተማከረ ያቅዳል።

በእስራኤል አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው ከመጀመሪያው አንስቶ በአንድ ሁግ፣ ማለትም በአንድ የትምህርት ክፍል ይመዘገባል። ለአሜሪካኖቹ አካሄድ የሚቀርበው በኤይላት መንገድ፣ በቂቡጽ ቅቱራ በ1996 የተከፈተው የአራቫ ተቋም ነው። እዚያ እስራኤላውያን፣ ፍልስጤማውያን፣ ዮርዳኖሳውያንና ሌሎችም ስለ ውሃና ስለ በረሃ አብረው ይማራሉ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን የሚቆየውም ለአንድ ሴሚስተር ወይም ለአንድ ዓመት ነው፤ ስለዚህ ሙሉ ዲግሪ እንዳይመስልዎ።

እርስዎም ለልጅዎ የሚነግሩት አለ። ባሕር ዛፍ ውሃ እንደሚጠጣ በአገር ቤት ያየ ሰው፣ በሐዴራ ረግረጉን ለማድረቅ ባሕር ዛፍ የተተከለበትን ምክንያት ለማወቅ ፕሮፌሰር አያሻውም።

ይሁን እንጂ እውነቱን እንነጋገር። ይህ ዲግሪ እንደ ነርስነት ፈቃድ ተይዞ የሚወጣበት አይደለም። ከዲግሪው በኋላ በኢሪያ፣ በውሃ ድርጅት፣ በተፈጥሮ ጥበቃ ወይም በፋብሪካ ቁጥጥር ሥራ ሊገኝ ይችላል፤ ብዙዎች ግን ሁለተኛ ዲግሪ ይጨምሩበታል። በአንዱ ቦታ ትምህርቱ በሳይንስ ፋኩልቲ ሥር ሆኖ ጠንካራ ሒሳብና ኬሚስትሪ ይጠይቃል፤ በሌላው ከጂኦግራፊ ጋር ሆኖ ብዙ ንባብና ጽሕፈት አለው፤ ለዚህም የኡልፓን ዕብራይስጥ ብቻውን አይበቃም። ስሙ አንድ ነው ብለው አይመዝገቡ።

የዮም ፓቱአህ ቀን ከልጅዎ ጋር ሄደው ያለፉት ዓመታት ተመራቂዎች ዛሬ የት እንደሚሠሩ፣ ዲግሪው በከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት የታወቀ መሆኑንና በዕብራይስጥ ጽሕፈት ለተማሪው ረዳት መኖሩን ይጠይቁ። የትምህርት ክፍያ እርዳታ እንደመጡበት ጊዜና እንደ ዕድሜ ስለሚለያይ፣ ሚንሃል ሀስቱዴንቲም ቀርበው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ይህን ደብዳቤ ሳይዙ የመመዝገቢያውን ገንዘብ አይክፈሉ።