የሩቅ ፕላኔቶችን ለማወቅ ኮከባቸውን መለካት

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ከዋክብት ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

«ቡና» የሚባል ኮከብ መኖሩን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ቀልድ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2019 የተመሠረተበትን 100ኛ ዓመት ሲያከብር፣ ለየአገሩ አንድ ኮከብና በዙሪያው የሚዞር አንድ ፕላኔት መድቦ «ስም አውጡላቸው» አለ። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱ ደግሞ «አቦል» ተባለ። ከቶናና ከበረካ በፊት የሚጠጣው አቦል መሆኑን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ይህ ኮከብ አንድሮሜዳ በተባለው የከዋክብት ስብስብ አቅጣጫ ይገኛል፤ ከእኛም ወደ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። አንድ የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን ዓመት ሙሉ ሳያርፍ ሲገሠግሥ የሚሄደው መንገድ ነው፤ በኪሎ ሜትር ቢቆጠር ዘጠኝ ሚሊዮን ተኩል ጊዜ ሚሊዮን ይሆናል።

አቦልን በዓይኑ ያየ ሰው የለም። በኮከቡ ብርሃን ተውጦ አይታይም። ያም ሆኖ ሊቃውንቱ አቦል ቢያንስ የጁፒተርን 4 እጥፍ ይከብዳል፣ ኮከቡን አንድ ጊዜ ለመዞርም 990 ቀን ያህል ይፈጅበታል ይላሉ። ያላዩትን እንዴት መዘኑት? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም፣ የመዘኑት ኮከቡን ነው የሚል ነው።

ገበያ ወጥታችሁ አቡጀዲ በክንድ ሲለካ አይታችሁ ይሆናል። ነጋዴው ክንደ አጭር ከሆነ፣ አሥር ክንድ ነው ተብሎ የተገዛው ጨርቅ ቤት ሲደርስ ያንሳል። ጨርቁ በመንገድ አልኮማተረም፤ ያጠረው የለካው ሰው ክንድ ነው። በሥነ ፈለክም እንዲሁ ነው፤ ኮከቡ ክንዱ፣ ፕላኔቱ ጨርቁ ነው። በክንዱ ላይ ያለው ስሕተት ሁሉ ወደ ጨርቁ ይተላለፋል።

እስቲ አንደኛውን መንገድ እንመልከት። ማታ በሩቅ ቤት ፋኖስ በርቷል እንበል። አንዲት የእሳት ራት በፋኖሱ ፊት ስታልፍ መብራቱ ለቅጽበት ደብዘዝ ይላል። የእሳት ራቷ አትታያችሁም፤ የምታውቁት መብራቱ ከመቶ እጅ አንድ እጅ መቀነሱን ብቻ ነው። ፕላኔትም በኮከቡ ፊት ሲያልፍ የሚሆነው ይኸው ነው። ጁፒተር በፀሐያችን ፊት ቢያልፍ፣ ከሩቅ የሚመለከት ሰው ብርሃኑ ከመቶ አንድ እጅ ሲቀንስ ያያል። ምድራችን ብታልፍ ግን የምትጋርደው ከ12,000 እጅ አንዱን ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ በዚህ መንገድ የሚታወቀው ድርሻው ነው እንጂ መጠኑ አይደለም። የምን ድርሻ? የፋኖሱ ብርጭቆ ትንሽ ከሆነ የእሳት ራቷ ትንሽ ናት፤ ብርጭቆው ትልቅ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ናት። የብርጭቆውን ስፋት ሳያውቁ ስለ እሳት ራቷ መናገር ግምት ብቻ ነው።

ጉዳቱ ደግሞ ቀላል አይምሰላችሁ። ኮከቡ ከገመትነው በአንድ አራተኛ የሚሰፋ ሆኖ ቢገኝ፣ ፕላኔቱም በአንድ አራተኛ ይሰፋል። ነገር ግን ፕላኔት ድቡልቡል ነው፤ በርዝመት፣ በወርድና በከፍታ በሦስቱም በኩል ያድጋል። 1.25ን ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ አባዙት፤ ወደ ሁለት ይጠጋል። ያ ማለት ፕላኔቱ የሚይዘው ስፍራ በእጥፍ ሊያድግ ምንም አልቀረው ማለት ነው። ክብደቱ ያው ሆኖ ስፍራው እጥፍ ከሆነ፣ ትናንት «እንደ ምድር ቋጥኝ ነው» ያልነው ዓለም ዛሬ በወፍራም ጋዝ የተጠቀለለ፣ እግር የሚያርፍበት መሬት የሌለው ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ አቦል የተገኘበት ነው። አንድ ጎልማሳና አንድ ሕፃን እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሽከረከሩ፣ የሚዞረው ሕፃኑ ብቻ አይደለም፤ ጎልማሳውም በትንሹ ይወዛወዛል። ኮከብም በፕላኔቱ ስለሚሳብ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ የተባሉ ሁለት የስዊስ ሊቃውንት በ1995 ዓ.ም. 51 ፔጋሲ የተባለውን ኮከብ እንዲህ ሲወዛወዝ አግኝተው፣ ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ የሚዞረውን የመጀመሪያ ፕላኔት ለዓለም አስታወቁ፤ በ2019ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይሁን እንጂ ከጎልማሳው ውዝዋዜ የሕፃኑን ክብደት ለማስላት፣ አስቀድሞ የጎልማሳውን ክብደት ማወቅ ያስፈልጋል። ቡና የተባለው ኮከባችን የፀሐይን 1.3 እጥፍ ያህል ይከብዳል ተብሎ ተገምቷል። በዚህ ግምት ላይ የ10 በመቶ ስሕተት ቢገኝ፣ የአቦል ክብደት ደግሞ ወደ 7 በመቶ ይዛነፋል።

እንግዲህ ኮከብ እንዴት ይለካል? ሜትር ዘርግቶ የሚደርስበት የለም። መጀመሪያ የሚፈለገው ርቀቱ ነው። አውራ ጣታችሁን ከፊታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና አንዱን ዓይን፣ ቀጥሎም ሌላውን ጨፍኑ። ጣታችሁ ከግድግዳው አንጻር ወዲያና ወዲህ የሚዘል ይመስላል። ጣታችሁን ወደ ፊታችሁ ባቀረባችሁ ቁጥር ዝላዩ ይበዛል። የከዋክብት ተመራማሪዎች በሁለት ዓይን ፈንታ ምድር ፀሐይን ስትዞር በስድስት ወር የምትለዋወጣቸውን ሁለት ቦታዎች ይጠቀማሉ፤ በሁለቱ መካከል 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አለ። ቤሰል የተባለው ጀርመናዊ በ1838 አንድ ኮከብ በዚህ ዘዴ ለካ። በ2013 መጨረሻ ወደ ጠፈር የተላከችው የአውሮጳ መንኮራኩር ጋያ ደግሞ እስከ ጥር 2025 ድረስ ወደ ሁለት ሺህ ሚሊዮን የሚጠጉ ከዋክብትን ስትከታተል ቆየች።

ቀጥሎ ሙቀቱ ነው። ይህን ከቀጥቃጭ ቤት ተማሩ። ቀጥቃጩ ወናፉን ሲነፋ ብረቱ መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ወደ ብጫ ይሄዳል፣ እሳቱ ሲበረታም ወደ ነጭ ያደላል። ከዋክብትም እንዲሁ ናቸው፤ ቀያዮቹ ቀዝቀዝ ያሉት፣ ነጮቹና ሰማያዊ የሚመስሉት እጅግ የጋሉት ናቸው። የበለጠ ጥንቃቄ ሲፈለግ ብርሃኑ እንደ ቀስተ ደመና ይዘረጋና በመካከሉ የሚታዩት ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይመረመራሉ። ከእነዚህ መስመሮች ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ኮከቡ ከምን ከምን እንደተሠራም ይነበባል። ቡና ከፀሐይ ይልቅ ብረት የበዛበት መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው። እንደ አቦል ያሉ ግዙፍ ፕላኔቶችም ብረት በበዛባቸው ከዋክብት ዙሪያ በብዛት ይገኛሉ።

አሁን ርቀቱና ሙቀቱ በእጃችን ነው። ርቀቱን ካወቅን ኮከቡ በጠቅላላው ምን ያህል ብርሃን እንደሚሰጥ እናውቃለን። ሙቀቱን ካወቅን ደግሞ እያንዳንዱ ስንዝር የኮከቡ ገጽ ስንት ብርሃን እንደሚያወጣ እናውቃለን። ጠቅላላውን ለአንዱ ስንዝር ስናካፍል ስንት ስንዝር እንዳለ እናገኛለን፤ የኮከቡ ስፋት ማለት ይህ ነው። በማካፈል ሂሳብ ኮከብ ተለካ!

በቅርብ ላሉት ከዋክብት ሌላ ዘዴም አለ። በካሊፎርኒያ፣ በዊልሰን ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሜትር የሚሰፉ ስድስት ቴሌስኮፖች የሚሰበስቡትን ብርሃን በአንድ ላይ በማዋሐድ እንደ አንድ ግዙፍ ዓይን ይሠራሉ፤ በጣም የሚራራቁት ሁለቱ መካከል 330 ሜትር ያህል አለ። በ2011 የታተመ ልኬታቸው 55 ካንክሪ የተባለው ኮከብ ስፋቱ ከፀሐይ 94 በመቶ ያህል መሆኑን አሳየ። ይህን ኮከብ ከ18 ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚዞረው ፕላኔት፣ ወርዱ የምድር ሁለት እጥፍ ገደማ መሆኑ የተረጋገጠው በዚህ ልኬት ላይ ተመሥርቶ ነው።

ከበሮም አለ። ትልቅ ከበሮ ሲመታ ድምፁ ይጎረናል፣ ትንሹ ይቀጥናል። በኮከብ ውስጥ የሚንተከተከው ጋዝ ኮከቡን እንደ ከበሮ ያርገበግበዋል፤ ብርሃኑም በዚያው መጠን በጥቂቱ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ከእርግብግቢቱ ፍጥነት የኮከቡ ስፋትና እፍግታው፣ አልፎም ዕድሜው ይሰላል። ኬፕለር-93 የተባለውን ኮከብ በዚህ ዘዴ ስለለኩት፣ ከ300 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ የሚዞረው ፕላኔት ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ያለው ርዝመት በ2014 ታወቀ፤ ስሕተቱም 120 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን የሚበልጥ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኬፕለር የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ቴሌስኮፕ በ2009 ተልኮ ከ150,000 በላይ ከዋክብትን ያለማቋረጥ ሲመለከት፣ ብርሃናቸው በፕላኔት የሚጋረድባቸውን በሺህ የሚቆጠሩ አገኘ። ፕላኔቶቹ ከምድር የሚበልጡ፣ ከኔፕቱን የሚያንሱ፣ የሁሉም ዓይነት ድብልቅ መስለው ታዩ። የከዋክብቱ ስፋት ግን በአብዛኛው ከቀለማቸው የተገመተ ስለ ነበር፣ 25 በመቶና ከዚያም በላይ ስሕተት ነበረበት። በ2017 የታተመ ጥናት ይህን አስተካከለ። በሐዋይ የሚገኘው አሥር ሜትር የሚሰፋ የኬክ ቴሌስኮፕ የ1,305 ከዋክብትን ብርሃን አንድ በአንድ እየዘረጋ መረመረ፤ ስሕተቱም ወደ 10 በመቶ ወረደ። ያን ጊዜ በጉም ውስጥ አንድ መንጋ መስሎ የታየው ጉሙ ሲገፈፍ ሁለት መንጋ ሆኖ ተገኘ። አንደኛው ወገን ወርዱ እስከ ምድር አንድ ተኩል እጥፍ የሚደርስ ነው፤ ሁለተኛው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። በመካከላቸው ያሉት ጥቂቶች ናቸው።

እኔን የሚደንቀኝ ይህ ነው። ስለ ፕላኔቶቹ አዲስ ነገር አልታየም፤ ፕላኔቶቹም መረጃውም የቀድሞዎቹ ናቸው። የተለካው ኮከብ ብቻ ነው። በ2018 የጋያ ርቀቶች ሲጨመሩም የሁለቱ ወገኖች ልዩነት ጸና። ትንንሾቹ በአመዛኙ ቋጥኝ፣ ትልልቆቹ ጋዝ የለበሱ ናቸው ተብሎ ይታመናል። ልብሳቸውን ያጡት በኮከቡ ግለት ተገፈው ነው ወይስ ከራሳቸው ውስጣዊ ሙቀት የተነሣ? እዚህ ላይ ሊቃውንቱ አሁንም ይከራከራሉ።

ኮከቡን አለማወቅ የሌለ ፕላኔትም ያስቆጥራል። ግሊዝ 581 በተባለው ትንሽ ቀይ ኮከብ ዙሪያ በ2007 ከታወጁት ፕላኔቶች አንዱ ውኃ ሊኖርበት ይችላል ተብሎ ብዙ ተጽፎለት ነበር። በ2014 ግን ተመራማሪዎች ፕላኔት ተብሎ የተቆጠረው ምልክት ከኮከቡ ገጽታ መለዋወጥ የመጣ መሆኑን አሳዩ። ኮከቡ በራሱ ዙሪያ ሲሽከረከር ጥቋቁር ነጥቦቹ እየመጡና እየሄዱ ውዝዋዜ ያስመስሉ ኖሯል።

የውኃን ነገር ካነሣን፣ ትራፒስት-1ን ልጨምር። ከእኛ 40 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ወርዱ ከፀሐይ 12 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ የገጹም ሙቀት 2,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ የፀሐይ ግን 5,500 ይደርሳል። በ2017 ሰባት ፕላኔቶች እንዳሉት ታወጀ። የመጨረሻው እንኳ ዙሩን ከ19 ቀን ባነሰ ጊዜ ይፈጽማል። በእኛ ፀሐይ አጠገብ እንዲህ ቢቀርቡ ኖሮ ያርሩ ነበር። ኮከባቸው ደካማ ስለሆነ ግን አንዳንዶቹ ውኃ ሳይተንም ሳይቀዘቅዝም ሊቆይ በሚችልበት ስፍራ ላይ ናቸው። የትኛው ፕላኔት በዚያ ስፍራ ላይ ነው የሚለውን የሚወስነው የኮከቡ ሙቀትና ስፋት ነው። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ከዋክብት ደግሞ እየተቆጡ ድንገተኛ ነበልባል ይረጫሉ፤ ስለዚህ ውኃ ቢኖርም አየሩ ይቆያል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ዕድሜ ለመጨረሻ ቀርቶናል። ፕላኔት በራሱ የልደት ቀን የለውም፤ ዕድሜው የሚቆጠረው በኮከቡ ነው። ከኮከብ ልኬቶች ሁሉ አስቸጋሪውም ይኸው ነው። የአውሮጳ የጠፈር ድርጅት ለዚህ ሥራ ያዘጋጀው ፕላቶ የተባለ መንኮራኩር 26 ካሜራዎች አሉት። ዓላማው የኮከቡን እርግብግቢትና የፕላኔቱን ጥላ በአንድነት እየተከታተለ፣ ፀሐይን ለሚመስሉ ከዋክብት ዕድሜን እስከ 10 በመቶ በሚጠጋ ጥራት መለየት ነው። ምድር ሕይወት የበቀለባት ከተፈጠረች ከብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ አየሩ ባዶ የሆነ ፕላኔት ባገኙ ጊዜ፣ መካን ነው ወይስ ገና ልጅ ነው ብለው የሚጠይቁት ኮከቡን ነው።